ለአዲስ ሽጉጥ የትኛው ዘይት? ከ31 መልስ በኋላ ሳይመለስ የቀረው ጥያቄ

ስለ አዲስ ሽጉጥ ዘይት በኢንተርኔት መድረካችን የተከፈተው ክር፣ ማለትም ጥያቄው ከነመልሶቹ፣ ባለፈው ሳምንት ተዘግቷል። ወደ መጨረሻው ላይ የዋጋ ወሬ ስለተነሳ ነው። በመድረኩ ደንብ መሣሪያ መሸጥም መግዛትም ክልክል ነውና አስተባባሪዎቹ መዝጋታቸው አግባብ ነው። እኔን የቆጨኝ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የገባው የአንዲት እህት ጥያቄ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። የሟች አባቷን መታሰቢያ፣ ነጭ ሽፋኑ መላጥ የጀመረ ሽጉጥ፣ ስታጸዳ በገዛ እጇ ልታበላሸው ትችላለች ብዬ እሰጋለሁ። መልሱ ቀደም ሲል ከተባለው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከሥር ከመሠረቱ ልተርክላችሁ።

ጥያቄውን የከፈተው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። በንብረት ጥበቃ ሥራ የሚተዳደር፣ ፈቃዱን አውጥቶ አዲስ ሽጉጥ ከነሣጥኑ የተረከበ ወጣት። ሣጥኑን ሲከፍተው ብረቱ ከአፈሙዙ እስከ እጀታው ማር በመሰለ፣ በሚያጣብቅ ቅባት ተለውሶ አገኘው። ከሰላምታ ጋር ሦስት ነገር ጠየቀ። ይህ ቅባት ይጠረጋል ወይስ ዘይቱ ይኸው ነው? ከተጠረገስ በኋላ የትኛው ዘይት ይሻላል? ክረምቱ ሲገባ የሚያምረው ጥቁር ቀለሙ እንዳይለቅና እንዳይዝግ ምን ይደረጋል? ፎቶም አያይዞ ነበር።

መልስ 1 ጨዋና ትክክለኛ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ካለው በኋላ፣ ያ ቅባት መሣሪያው በመጋዘንና በመርከብ ሲቆይ እንዳይዝግ የሚለቀለቅ እንጂ ለማለስለሻ የሚሆን እንዳልሆነ አስረዳው። እንዲያውም ሳይጠረግ ቢተኮስ አቧራና ጥቀርሻ ይዞ እንደሚደርቅ፣ ስለዚህ በነጭ ጋዝ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአቡጀዲ ጨርቅ ጥርግ አድርጎ ማውጣት እንዳለበት ነገረው።

መልስ 2 ግን ወረደበት። በፎቶው ላይ ካዝናው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ እንደተሰካ ነው፤ ጣቱ ቃታው ላይ ነው፤ የመሣሪያው ቁጥር ለዓለም ሁሉ ይታያል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በቁጣ ዘረዘረና አስተዳደጉን ሳይቀር ነካበት። ስድቡን አልወደድኩትም። የተናገረው ግን እውነት ነው፤ በመልስ 3 አንድ የደሴ ሰው ቁጣውን አውጥቶ ፍሬ ነገሩን ብቻ ደገመለት። ካዝናው መጀመሪያ ይወጣል። ከዚያ ሽጉጡ ወደ ማንም በማይጠቁምበት አቅጣጫ ሆኖ ይቀባበላል፤ ጥይት የሚጎርስበት ጉሮሮ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ከተቀባበለ፣ የጎረሰው ጥይት ወጥቶ ሌላ ይጎርሳል፤ ሰውየው ግን ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ጽዳት ላይ እያሉ ከሚደርሱ አደጋዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህ ዓይነት ስህተት ነው። ጥይቱም ጽዳቱ በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ መኖር የለበትም። ልጁ በመልስ 4 ይቅርታ ጠይቆ ፎቶውን አነሳው። ሳይኮርፍ መቅረቱ አስደሰተኝ።

መልስ 5 ነጭ ጋዝ ከመፈለግ ቤንዚን ይቀላል የሚል ነበር። በመልስ 6 አንዲት እናት ወዲያው ተቃወመች፤ ከሰል ተያይዞ ጀበና በተጣደበት ቤት ቤንዚን መክፈት ቤት ማቃጠል ነው ብላ። ልክ ናት። ነጭ ጋዙም ቢሆን ደጅ ላይ፣ እሳት በሌለበት ነው።

ከዚያ የወረኢሉው አባት መጡ፤ መልስ 7። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሣሪያቸውን ከመኪና በተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ሲወለውሉ እንደኖሩና አንድም ቀን እንዳልከዳቸው ጻፉ። መልስ 8 የአንድ የኮምቦልቻ መካኒክ ነው፤ በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ብዙ ቁም ነገር ያለው እሱ ነው። አባቴ እያለ፣ በአክብሮት ጀመረ። ከሞተር የወጣ ዘይት ጥቀርሻ፣ የብረት ብናኝና ከነዳጁ ቃጠሎ የመጣ አሲድ ተሸክሞ ነው የሚወጣው፤ ሲታይ ያብለጨልጫል እንጂ ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ብናኙም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አዲስ የሞተር ዘይት ቢሆን ይሻላል፤ ለጠመንጃ ተብሎ የተሠራው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። እሱ ከጠፋ በደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ የማይጠፋው የስፌት መኪና ዘይት ለማለስለስ ይበቃል፤ ቀጭን ስለሆነ ግን ቶሎ ይሸሻል፣ ዝገት መከላከሉም ደካማ ነው፤ ቶሎ ቶሎ መደገም ይኖርበታል። የኑግና የተልባ ዘይት በፍጹም አይነካም አለ፤ አየር ሲያገኝ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። መጥበሻ ዳር ላይ የሚቀረውን የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

መካኒኩ ቀጠለና የት የት እንደሚቀባ ተናገረ። ብረት ብረትን የሚፈጭበት ቦታ ራሱን ያሳያል፤ ጥቂት ከተሠራበት በኋላ ያበራል። ሲቀባበል ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው ብረት የሚሄድባቸው ሁለት ሐዲዶች አሉ፤ በርሜሉ ከእሱ ጋር የሚተሻሽበት ውጪያዊ ገጽ አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በጣት ማዳረስ። ካዝናው ውስጥ ዘይት አይገባም፣ አቧራ ይሰበስባል፤ ወደ ጥይቱም ሰርጎ ሊያከሽፈው ይችላል። ጥይቱን ከኋላ የሚመታው መርፌ መሄጃ ደረቅ ይሁን። በርሜሉ ለማስቀመጥ ሲሆን ውስጡ ስስ ዘይት ይቀባል፤ ከመተኮሱ በፊት ግን በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ሽጉጡን ጋዜጣ ላይ አሳድረህ ጠዋት የዘይት ክብ ካገኘህ አብዝተሃል፤ በዚህ ነው የጨረሰው።

መልስ 9 ላይ አባት ተቆጡ። ልጅ ተምሮ አባቱን ይዘልፍ ጀመር ወይ የሚል መንፈስ ነበረው። ሁለት ሰዎች በመልስ 10 እና 11 ተከራከሩላቸው፤ ከመሣሪያው ይልቅ ስለ ታላቅና ታናሽ ነበር ክርክሩ። መካኒኩ አልመለሰም። አንድም ክብረ ነክ ቃል አልጻፈም ነበርና ዝምታው ልክ ነበር እላለሁ።

መልስ 12 ወደ ሦስተኛው ጥያቄ መለሰን። ጸሐፊው የቀለሙን ዓይነት ሳያውቁ ስለ ቀለሙ መምከር አይቻልም አለ። ፊት የሚያሳይ፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ጥቁር ነው? አመድማና ሻካራ ነው? እንደ መስተዋት ነጭ ነው? ወይስ እንደ ቀለም የተቀባ ድፍን ጥቁር? ልጁ በመልስ 13 የመጀመሪያው ነው አለ። እንግዲያው ብሉይንግ የሚሉት ነው፤ በመልስ 14 የተሰጠውን ማብራሪያ ሁሉም ሰው ቢያነበው በወደድኩ።

ብሉይንግ ከላይ የተቀባ ቀለም አይደለም። ብረቱ በ140 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚፈላ የኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ውህድ ውስጥ ሲነከር ገጹ ራሱ ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ይለወጣል። በሌላ አነጋገር ብሉይንግ ራሱ የታሰረ፣ የተገራ ዝገት ነው። ሽፋኑ ከጠጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ብቻውን ውኃ አያግድም፤ ዘይት መያዝ ግን ይችላል። ስለዚህ ብሉይንግ ያለ ዘይት ጣሪያው ያፈሰሰ ቤት ነው። አመድማው፣ ፎስፌት የሚባለው፣ ይበልጥ ዘይት ይመጥጣል። ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ትልቁ ነገር ሎሚ ነው። በእኛ አገር ቢላም ማጭድም ሲዝግ በሎሚና በአቼቶ ይፈተጋል። አሲዱ ቀዩን ዝገት ከጥቁሩ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ያነሳል። በረኪና ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ብረቱን ይበሳዋል። አንድ የሐይቅ ልጅ በመልስ 15 ይህን ሳያውቅ በሎሚ የፈተገውን የአጎቱን ሽጉጥ ተረከ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ነጥቶ ነበር፤ በሳምንቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቀይ። የሚሻለው ቀላል ዝገት ላይ ዘይት አፍስሶ ማሳደር፣ ከዚያ እጅግ ደቃቅ በሆነ የብረት ሱፍ፣ በዘይቱ ላይ እንደተነከረ፣ ሳይጫኑ ማሸት ነው። የመሣሪያው ቁጥር ያለበት ቦታ ግን በምንም አይፈተግም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ የደበዘዘ ቁጥር ይዞ መገኘት ደግሞ ባለቤቱን ብዙ የሚያስጠይቅ ነው።

መልስ 16 የእኔ ነው። ደሴ ነው የምኖረው፤ ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ጭጋግ እስከ መስኮታችን ይወርዳል። ከዓመታት በፊት ሽጉጤን በወፍራሙ ዘይት ለቅልቄ፣ በአዲስ የቆዳ አፎት ከትቼ፣ ሣጥን ቆልፌ ክረምቱን አሳለፍኩት። በደንብ የጠበቅኩት መስሎኝ ነበር። ለመስቀል ሰሞን ሳወጣው በቀኝ ጎኑ ላይ የአፎቱ ቁልፍ ክብ ሆኖ ታትሟል፤ ከሥሩ ደግሞ የስፌቱ መስመር፣ ነጥብ ነጥብ እየሆነ፣ በቡናማ ተሰፍቷል። በጥፍሬ ስዳስሰው ገባ ይላል። ብረቱ ተበልቷል። ዘይቱን ቆዳው መጥጦታል፤ ቆዳው ደግሞ እርጥበትና የፋቂ ቤቱን ጨውና አሲድ ይዟል። ያ ክብ ዛሬም አለ፣ እስከ ዕድሜ ልክ አይጠፋም። አፎት መያዣ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም፤ ይህን ነው የጻፍኩት። ቤት ሲገባ ከቆዳው ይውጣ፤ ቀጭን ዘይት በነካ ጨርቅ ይጠረግ፤ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሕፃን በማይደርስበት፣ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ። ከአዲስ ጫማ ሣጥን የሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች እዚያ ውስጥ ቢገቡ ይረዳሉ። ሰው ሽጉጡን ነክቶ በመለሰ ቁጥር የጣቱን ላብ መጥረግ አለበት፤ ላብ ጨው ነው፤ የአንዳንድ ሰው ጣት አሻራ ሳይጠረግ ካደረ ዝጎ ይነበባል።

መልስ 17 አርሞኛል፣ በደስታ ተቀብያለሁ። ክረምት ብቻ አይደለም ችግሩ፤ መንገድም ነው አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በማለዳ ከደሴ በሐረጎ በኩል ቁልቁል የወረደ ቀዝቃዛ ብረት ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ያልበዋል፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ከብርድ ወደ ቡና ቤት ሲገባ የሚያጋጥመው ነው። ስለዚህ ከጨርቁ ሳይወጣ ቆይቶ ሙቀቱ ሲስተካከል አውጥቶ መጥረግ። ይህን አላውቅም ነበር።

የቆቦ ሰው (18) በአቧራው አገር ከዘይት ይልቅ ደረቅ መሆን ይሻላል አለ፤ ዘይት የነካው ሁሉ ሊጥ ይሆናል፤ ትንሽ ቀብቶ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ይበጃል። የደላንታው (19) በተቃራኒው ስለ ውርጭ አነሳ፤ ግራሶና ወፍራም ዘይት በብርድ ይረጋል፣ መርፌውም ሰነፍ ይሆናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የአንዱ አገር ምክር ለሌላው እንደማይሆን ለማየት ከወሎ መውጣት አያስፈልግም።

ደላንታ ከተነሳ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ መነሳቱ አይቀርም። ከመልስ 20 እስከ 22 ስለ ወገል ጤና ድንጋይ ሆነ ወሬው። እኔ ግን አልጠላሁትም፤ ምክንያቱም አንዱ የተናገረው ነገር ከዘይት ጋር ይገናኛል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው የዚያ አካባቢ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ ውኃው ሲደርቅ ወደ ቀለሙ ይመለሳል፣ ዘይት ከመጠጠ ግን ሊበላሽ ይችላል። ሰውየው መሣሪያውን በወለወለበት እጅ ድንጋዩን ይዞ ቢጫ እንዳደረገው አዝኖ ጻፈ።

የእጅ ነገር ሲነሳ አንዲት የወልድያ ነርስ ገባች፤ መልስ 23። የተተኮሰበት መሣሪያ ጥቀርሻ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ከጥይቱም ከማቀጣጠያውም ይመጣል። እኛ በእጃችን ነው የምንበላው፤ ሕፃንም በእጃችን እናጎርሳለን። ስለዚህ ከጽዳት በኋላ እጅ በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ የእንጀራ ጠረጴዛ ላይ አይጸዳ፤ ጨርቁ ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ከሁሉ የበለጠ ይጎዳል። ማንም አልተከራከራትም፤ መልስ እንኳን ብዙ አላገኘችም። ሊነበብ የሚገባው ግን ይህ ነበር።

መልስ 24 የጡረተኛ ወታደር ነው። የድሮ የሶቪየት ዘመን ጥይት አንዳንዱ በማቀጣጠያው ፖታሲየም ክሎሬት ስላለው ሲተኮስ በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ በማግስቱ ይዝጋል። ዘይት ጨው አያሟሟም። ማረጋገጥ የፈለገ ከባቲ ገበያ የመጣ አሞሌ ስባሪ ዘይት ውስጥ ጥሎ ይየው፤ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙቅ ውኃ በሳሙና፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ዘይቱ መጨረሻ። አዲስ ጥይት የሚጠቀም ይህ ላያስፈልገው ይችላል፤ ምን እንደተኮሰ የማያውቅ ግን ያድርገው።

እዚህ ላይ የወረኢሉው አባት ተመለሱ፤ መልስ 25፤ ቁጣቸው በርዶ። አባታቸው ውጅግራ ነበራቸው፤ በ1874 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው፣ 11 ሚሊሜትር የሆነው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ማለት ነው። በጥቁር ባሩድ ነበር የሚተኮሰው። አባታቸው ከተኮሱ በኋላ በርሜሉን በፈላ ውኃ ሲያጥቡ፣ ውኃው እንደ ጠላ ጠቁሮ ሲወጣ፣ ከዚያ ከእሳት ዳር አድርቀው ሞራ ሲቀቡት በልጅነት አይተዋል። ብረት በውኃ መታጠቡ ዕድሜ ልክ ሲደንቃቸው እንደኖረ፣ ምክንያቱን ዛሬ እንዳወቁ ጻፉ። መካኒኩ በመልስ 26 ብቅ ብሎ እጅ ነሳቸው። ሞራው ግን ሲቆይ እንደሚሻግትና አሲድ እንደሚያወጣ ከመጨመር አልተመለሰም፤ አባትም በዚህ አልተቀየሙም።

ልጁ በመልስ 27 የሠራውን ነገረን። ግቢ ወጥቶ፣ ጥይቱን ቤት ቆልፎበት፣ በነጭ ጋዝ ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል። ነጭ ጨርቅ በበርሜሉ ውስጥ፣ ከኋላ ወደ አፈሙዙ፣ እያሳለፈ ስድስተኛው ላይ ንጹሕ ወጣለት። የእጀታውን እንጨት በካቻቢቴ ፈትቶ ሲያነሳው ከሥሩ አንድ ጣት የሚሞላ ቅባት አገኘ፤ ማንም ያልነገረው ቦታ ነበር። እንጨቱን ነጭ ጋዝ እንዳይነካው ለብቻው በደረቅ ጨርቅ ጠረገው። ጥሩ እጅ አለው ይህ ልጅ።

ከ28 እስከ 30 ያለው የዋጋ ወሬና የአስተባባሪው ማስጠንቀቂያ ነው፤ እዘለዋለሁ።

መልስ 31 የእህታችን ናት። የሟች አባቷ ሽጉጥ ነጭ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ነው፤ በአፈሙዙ አካባቢ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ጀምሯል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የበርሜል ማጽጃ ተሰጥቷታል፤ ሙሉውን ልታሽበት ነው።

እህቴ፣ አታድርጊው። በመጀመሪያ ደረጃ ሣጥን ውስጥ የቆየ መሣሪያ ባዶ ነው ብለሽ አትመኚ፤ ፈቃዱም የነበረው በአባትሽ ስም ነው፤ ስለዚህ ሳትነኪው ለአካባቢሽ ፖሊስ አሳውቂና ባዶነቱን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥልሽ። ያ ነጭ ሽፋን ኒኬል ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ጊዜ ኒኬል የሚለበጠው ከሥሩ መዳብ ተነጥፎ ነው። የሚሰነፍጠው ማጽጃ አሞኒያ አለበት፤ አሞኒያው የተጨመረበት ከበርሜል ውስጥ መዳብ እንዲያነሳ ነው። በተላጠው ጠርዝ ሰርጎ ከሥር ያለውን መዳብ ይበላና ኒኬሉን እንደ ቅርፊት ያነሳዋል፤ ዛሬ የጥፍር ስፋት የነበረው ነገ መዳፍ ያህል ይሆናል። ማብረቂያ ዱቄትና ቅባትም ይቅርብሽ፣ በታሸ ቁጥር ሽፋኑን ያሳሳዋል። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት በቂ ነው። የተላጠው ቦታ ላይ ብረቱ ራቁቱን ሊሆን ስለሚችል እዚያ ዘይቱ በወር አንድ ጊዜ ይደገም፣ በክረምት በሁለት ሳምንት። ቆዳ አፎት ካለው ለብቻው አስቀምጪው። የልጣጩን ጠርዝ በጥፍርሽ አትነካኪው፤ ከሥሩ ቀይ የመዳብ ቀለም ወይም ቡናማ ዝገት ይታይ እንደሆነ በብርሃን ተመልክተሽ ጻፊልኝ፤ ቀጥሎ የሚደረገው በዚያ ይለያያል።